ሦስት ሆኖ አንድ የሆነው ጀልባ

መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ያን ቃል ከአፋቸው ያወጡት ለማሾፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ማሾፉ አልገባቸውም፤ ወይ ገብቷቸው እንዳልገባቸው ሆኑ፤ እሱን እግዜር ይወቀው። አናጢው አድማሴ የመሪጌታን ልጅ እንኳየሁን ለማግባት አማላጅ ልኮ፣ ሰዎቹ ከደጃቸው ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" ሲሉ፣ መሪጌታ "እኔ ልጄን ለድጓ አዋቂ እንጂ ለመጋዝ አልድርም" ብለው በራቸውን ሊዘጉ ነበር። ሽማግሌ ደግሞ በር ስለተዘጋበት አይሄድም፤ ቁጭ ይላል። እነሱም ቁጭ አሉ።

ጊዜው የታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ነው። መሪጌታ በየዓመቱ ጣና ውስጥ ወዳለች አንዲት ደሴት እየተሻገሩ በዓሉን በዜማ ያገለግላሉ። የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳው ሐይቁን ሳያጋምስ የተቀመጠበት ሰው ከወገቡ በታች ዓሣ ሆኗል። ጣሊያን ጥሏቸው የሄዳቸው የሞተር ጀልባዎች እንደሆኑ ጎርጎራ ዳር ዝገው ተጋድመዋል። ያን ዓመትም መሪጌታ በረጠበ ልብስ ሲያሸበሽቡ አድረው፣ ጎንደር የገቡት በጉንፋን ታፍነው ነበር። እናም ሽማግሌዎቹ አንነሳም ሲሏቸው፣ እያስነጠሱ፣ "በሉ እንግዲህ፤ ለከርሞ ገብርኤል መቀመጫዬን ሳያርስ ደሴቷ ላይ ያደረሰኝ ሰው ልጄን ይውሰድ" አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ሐብተ ማርያም ነበሩ፤ የመሪጌታ የልጅነት ጓደኛ፣ ወፍራም፣ ነገር የማያመልጣቸው ሰው። ብድግ አሉና "ቃል ነው?" አሉ።

"ቃል ነው" አሉ መሪጌታ እየሳቁ። በሽማግሌ ፊት ቃል ነው ያለ ሰው ወዴትም እንደማያመልጥ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ማን ይችለዋል ብለው ነው።

አድማሴ ግን አልሳቀም። ሠላሳውን ያለፈ፣ እጁ ከአፉ የሚፈጥን፣ ጣሊያን አዘዞ ላይ በነበረው ጋራዥ እንጨት ሥራ የለመደ ሰው ነው። በልጅነቱ የእኒሁ የመሪጌታ ተማሪ ነበር፤ ጓደኞቹ ዜማ ሲቀጽሉ እሱ የመቋሚያ እጀታ ሲቀርጽ ተይዞ ነው የተባረረው። እንኳየሁን የወደዳት ሣጥን ልታሠራ በመጣች ጊዜ ነው። ሠርቶ ሲያስረክባት ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ቢገፋ፣ ቢመታ፣ ቢቀመጥበት እንቢ አለ፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች። ባሏን ፈትታ ከአባቷ ቤት የገባች ሴት ናት፤ ከዚያ በፊት ስትስቅ ያያት ሰው አልነበረም። አድማሴ ሣጥኑን በነጻ ሰጣት፤ ልቡንም አብሮ ጫነላት። ይቺን ሴት ካጣ ሌላ እንደማይፈልግ ያን ዕለት ቁርጡን አወቀ።

ስለዚህ ጀልባ መሥራት ጀመረ። ሐይቅ አጠገብ ተወልዶ ያላደገ ሰው ጀልባ ሲሠራ ምን እንደሚሠራ አይታችሁ ከሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሠራው ሰፊ ነበር፤ አራት ሰው እንኳ አያነሳውም። ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ማን ሊሸከምለት ነው? ቀጥሎ ጠባብና ቀላል አድርጎ ሠራ፤ ያ ደግሞ ገና እግሩን ሲያስገባ ይገለበጣል። አንገረብ ወንዝ ውስጥ ሲገለበጥ ከረመ። ቅዳሜ ገበያ ያሉ ሰዎች "አድማሴ ገና ሳይሞት ሬሳ ሣጥኑን እየሞከረ ነው" ይሉ ጀመር።

መላው የተገኘው ክረምት ሲገባ ነው፤ ያገኘችው ደግሞ አህያ ናት። አድማሴ ለአንድ ሰው በር ሊገጥም ወደ ኮላ ድባ ሲሄድ መገጭ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው። ከወዲህና ከማዶ ሰው ተኮልኩሎ ጎርፉ እስኪጎድል ሲጠብቅ፣ አንዲት ቅል የጫነች አህያ የባለቤቷን ጩኸት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ገባች። ጎርፉ አነሳት። ሰው ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ። አህያዪቱ ግን ግራና ቀኟ ላይ በተንጠለጠሉት ቅሎች ተንሳፋ፣ ጆሮዋን እንኳ ሳታረጥብ፣ ማዶ ወጥታ ሣር መጋጥ ጀመረች። አድማሴ በሩንም ኮላ ድባንም ረስቶ ወደ ጎንደር ተመለሰ። የበሩ ባለቤት እስከ ዛሬ ይረግመዋል።

ነገሩ ይኸው ነው፤ መሐል አህያ፣ ግራና ቀኝ ቅል። ጠባቡን ጀልባ መሐል አደረገው፤ ከሱ ያነሱ፣ ክብደት የሌላቸው፣ የተደፈኑ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች በግራና በቀኙ አቆመ፤ ሦስቱንም በአጋዳሚ ቀርከሃ ጠፍሮ አሰራቸው። ጣውላ ይከብዳል ብሎ ጎናቸውን በኮምፔርሳቶ አለበሰ፤ ከጣሊያን ካምፕ የተረፈ፣ ስስ ሆኖ የሚተጣጠፍ ንብብር እንጨት። መጋጠሚያውን ሬንጅና ሰም አቅልጦ ደፈነው። በጀልባዎቹ መካከል ለቀረው ክፍት ቦታ ያደረገው ነገር ደግሞ የሱ የራሱ ብልሃት ነው፤ እንደ አልጋ በጠፍር ወጠረው። መንገደኛው በግራና በቀኝ ጠፍሩ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃው ከሥሩ ያልፋል፤ ልብሱን አይነካም። መሐሉ ላይ ምሰሶ ተከለና የአቡጀዲ ሸራ ሰቀለ። ሲጨርስ ራሱ በአንድ ትከሻው አንደኛውን ወገን ብድግ አደረገው። ሸጋ ሥራ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

መሪጌታ ወሬውን ሰምተው ሊያዩ መጡ። እንኳየሁም ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላቸው ተከተለች። መሪጌታ ጀልባውን በመቋሚያቸው ጫፍ እየነካኩ አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ደግመው ዞሩት።

"ሦስት ነው" አሉ መሪጌታ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"ግን አንድ ነው።"

"አዎ፣ አንድ ላይ ነው የታሰሩት።"

"ታዲያ ምነው መሐለኛው በለጠ?"

አድማሴ ጥያቄው የእንጨት ጥያቄ መስሎት "ሸክሙን የሚችለው እሱ ነዋ፤ የጎኖቹማ ለድጋፍ ናቸው" አለ።

መሪጌታ ወደ ኋላ ተፈናጠሩ። "ለድጋፍ? ሦስት ሆኖ አንድ የሆነውን ነገር አንዱን አልቀህ ሁለቱን አሳነስህ? አንተ፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ሊቃውንት ኒቅያ ድረስ የደከሙት ለምን ይመስልሃል? አርዮስ የተወገዘው በምን ሆነና? እኔ የሥላሴ አገልጋይ በአርዮስ ጀልባ ተሳፍሬ ገብርኤል ፊት ልቆም?"

"የኔታ፣ ይሄ እንጨት ነው።"

"እንጨቱ ምን አጠፋ፤ ያጠፋው ጠራቢው ነው። እኩል አድርጋቸው። ካላደረግህ እኔ አልሳፈርም፤ ካልተሳፈርኩ ደግሞ ቃሉ የለም።"

ከጎንደር ሰው ጋር በዚህ ነገር መከራከር ጥርስን ለማስረገፍ ነው። በዚህች ከተማ በአንዲት ቃል የተነሳ ወንድም ከወንድሙ ጋር ማዕድ እስኪለይ ድረስ የተጣላበት ጊዜ ነበር፤ አድማሴም ያደገባት ናት። አንገቱን ደፋ። ሁለቱን ትንንሽ ጀልባዎች አፍርሶ ከመሐለኛው ጋር በስንዝር ለክቶ እኩል አደረጋቸው። ክብደቱ ሰማይ ነካ። እሺ፣ ይክበድ፤ ሸክሙንስ ሰው ለምኖ ይወጣዋል። ዋናው ነገር ግን መሄዱ ነው።

ጥቅምት ላይ አንገረብ ከክረምት የተረፈ ሰፊ ኩሬ ነበረውና እዚያ ሊሞክረው ወረደ። መሪጌታም፣ ቄስ ሐብተ ማርያምም፣ እንኳየሁም ዳር ቆመዋል። ነፋስ ሸራውን ሞላው። ጀልባው ሄደ። እንዲህ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አድማሴ ራሱ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ አዞረ። ጀልባው ወደ ፊት ሄደ። ወደ ቀኝ አዞረ። ወደ ፊት ሄደ። ሦስቱም እኩል ረዝመው እኩል ውኃ ውስጥ ተቀብረዋል፤ አንዱ መታጠፍ ቢፈልግ ሁለቱ እንቢ ይላሉ። ማዶ ልብስ አጣቢዋ ሽታዬ የአንድ ሰፈር ሙሉ ነጠላና ጋቢ ድንጋይ ላይ አስጥታ ነበር። አድማሴ "ዞር በይ" ብሎ ለመጮኽ እንኳ አልደረሰም፤ ጀልባው ከነሸራው ከነሰውየው ነጠላው ላይ ወጥቶ ቆመ። የሬንጁ ጥቁር ከዚያ በኋላ ከየቤቱ ነጠላ አልለቀቀም ይባላል።

ሽታዬ ምን እንዳለችው አልደግመውም። አድማሴ ሬንጅ ከተቀባው ነጠላ መሐል ተቀምጦ ራሱን በእጁ ይዞ ቀረ። ገብርኤል እየደረሰ ነው። ጎኖቹን ቢያሳንስ መሪጌታ አይሳፈሩም፤ እኩል ቢያደርጋቸው ጀልባው አይታጠፍም። እንኳየሁ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች ተሻግራ መጣችና ፊቱን አየችው። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ዞር ብላ ወደ አባቷ ተጣራች።

"አባዬ፣ ሦስት የሆነ ነገር ሁሉ ሥላሴ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?" አሉ መሪጌታ ከማዶ።

"ቀራንዮ ላይ ስንት መስቀል ቆመ?"

እንኳየሁ ማንበብ አልተማረችም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ተማሪዎች ሲደግሙ ሰምታለች፤ የሰማችውንም አልጣለችም። "ጌታ በመሐል፣ ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ" አለች። "መሐለኛው ቢበልጥ ክህደት ነው ወይስ ሃይማኖት?"

ቄስ ሐብተ ማርያም ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። የመሪጌታ ፊት በራ። ሊቅ ሲረታ ያዝናል የሚል ሰው ሊቅ አያውቅም፤ ደስታቸው መጠን አልነበረውም። "መብለጥ ብቻ? ካልበለጠማ ነው ክህደቱ" አሉ። "በቀኝ ያለው ገነት የገባው ነው፤ ፈያታዊ ዘየማን። በግራ ያለው የተሳደበው፣ ፈያታዊ ዘጸጋም። አድማሴ፣ ጎኖቹን አሳንስ። ቀኙንም ነጭ ቀባው።"

አድማሴ ጎኖቹን አሳነሰ፤ ቀኙንም ነጭ ቀባ። ግራው እንደ ሬንጁ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ይህ ነገር ምን እንደሚያመጣበት ቢያውቅ ኖሮ ሁለቱንም ነጭ ይቀባቸው ነበር።

ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ጀልባውን በካሚዮን ኮላ ድባ፣ ከዚያም በሰው ትከሻ ጎርጎራ አደረሱት። አያ አለበል የሚባሉት ሽማግሌ ባለ ታንኳ አዩትና "ምነው፣ ይህ ነገር መንገድ ላይ ተሰነጠቀ?" አሉ። አድማሴ ለመልስ ጊዜ አልነበረውም። በዋዜማው ማለዳ የሚሳፈሩት መሪጌታ፣ ቄስ ሐብተ ማርያም፣ ቄስ ወልደኢየሱስ የሚባሉ ሌላ ዝምተኛ ካህን፣ እንኳየሁም ናቸው፤ ሴቶች ከደሴቷ ወደብ ሆነው መሳለም ይፈቀድላቸዋል። አድማሴ ኋላ ሆኖ መሪውን ያዘ። እንኳየሁ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች። ሦስቱ ካህናት ግን፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ ተከታትለው ቀኝ ጠፍሩ ላይ ወጡና ተደርድረው ተቀመጡ።

"ምናለ አንድ ሰው እንኳ ወደ ግራ ቢል" አለ አድማሴ በትሕትና።

ቄስ ሐብተ ማርያም ጥቁሩን ጀልባ በዐይናቸው ገርመም አደረጉና "እኔ ሚስትና ልጆች አሉኝ" አሉ። "በወንበዴው ላይ ተቀምጦ ሞተ ልባል ነው?"

ዳር ዳሩን ነፋሱ ለስላሳ ስለነበር ጀልባው ሸጋ ሄደ። ውኃው ከጠፍሩ ሥር እየተፍለቀለቀ ያልፋል፤ የማንም ልብስ አልራሰም። መሪጌታ መቀመጫቸውን በእጃቸው ዳሰሱና ምንም ሳይሉ ዜማ ጀመሩ፤ ሁለቱ ካህናት ተቀበሏቸው። አድማሴ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። እንኳየሁ ዞር ብላ ታየዋለች፤ ዐይኗ ይስቃል። ደሴቲቱ ዛፎቿ አንድ በአንድ እስኪለዩ ድረስ ቀርባለች።

ያኔ ነፋሱ ከግራ ተነሳ። ጣና እንዲህ ነው፤ አይነግርህም። ሸራው ተነፋ፤ ጀልባው ወደ ቀኝ አዘመመ። በቀኝ ደግሞ ሦስት ካህናት፣ ከነሱም አንዱ ቄስ ሐብተ ማርያም ናቸው። ነጩ ጀልባ ቀስ እያለ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ጥቁሩ ወደ ሰማይ ተነሳ።

"የኔታ፣ ወደ ግራ" አለ አድማሴ። "እባካችሁ፣ ሁለታችሁ ወደ ግራ። መሪውን ብለቅ እንገለበጣለን።"

ቄስ ወልደኢየሱስ ዐይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ቄስ ሐብተ ማርያም ምሰሶውን የያዘውን ገመድ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። መሪጌታ አገጫቸውን ቀና አድርገው "ከቀኝ አልነሳም" አሉ። "ሰው እያወቀ በእግሩ ወደ ግራ አይሄድም።"

እንኳየሁ ተነሳች። ለማንም ምንም አላለችም። አጋዳሚውን ቀርከሃ በእጇ እየያዘች ወደ ላይ ወጣችና ጥቁሩ ጀልባ አጠገብ ጠፍሩ ላይ ተቀመጠች። ሰውነቷ ቀጭን ነው፤ ጥቁሩ ጀልባ ለአፍታ ረገብ አለና መልሶ ተነሳ። ማዕበሉ ከሥር እየመጣ ይመታታል። ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣበቀ።

"ነይ ተመለሺ" አሉ መሪጌታ።

"አንድ ሰው እዚህ ካልተቀመጠ ሁላችንም ውኃ ውስጥ ነን፣ አባዬ።"

"በዚያ በተረገመው ላይ፣ ብቻሽን?"

"ታዲያ ማን አብሮኝ ይቀመጣል?" አለች። ጮኻ አይደለም፤ እንዲያው እንደሚጠይቅ ሰው።

መሪጌታ አዩዋት። አድማሴ የሰውየውን ፊት በዚያች ሰዓት አየው፤ ሊረሳው ቢፈልግም የማይረሳው ፊት ነው። ልጃቸው ባሏን ፈትታ ወደ ቤታቸው የገባች ቀን እንኳ በፊታቸው ላይ ያልታየ ነገር ነበር። ከዚያ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የድጓው መምህር፣ ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው ተዘንብሎ፣ መቋሚያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ እንደ ሕፃን በአራት እግራቸው እየዳሁ በጠፍሩ ላይ ተሻገሩ። ከልጃቸው ጎን ሲደርሱ ተቀመጡና እጇን ያዙ። ጥቁሩ ጀልባ ወረደ፤ ነጩ ወጣ፤ ጀልባው ቀጥ አለ።

ቀጥ ማለቱ ደግ፤ ነገር ግን ማዕበሉ የሚመጣው በግራ ነው። የመጀመሪያው መሪጌታን ከወገባቸው በታች አለበሳቸው። ሁለተኛው ከደረታቸው። ከዚያ ወዲያ የነካ ያልነካቸውን መለየት አልተቻለም። አድማሴ ይህን አየ። ቃሉ "ሳያርስ" ነበር። የዓመት ድካሙ፣ አህያዋ፣ ኮምፔርሳቶው፣ ሁሉ ነገር በሦስት ማዕበል አበቃ። እንኳየሁንም አየ፤ ራሷን አባቷ ትከሻ ላይ ጥላለች። እንባው መጣ፤ ነፋስ ነው እንዲባልለት ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ።

ወደብ ላይ መነኮሳቱ በዓሉን ለመቀበል ተሰልፈው ነበር። ሁለቱ ካህናት እንደ ደረቁ ወረዱ። መሪጌታ ግን ሲወርዱ የእግራቸው መንገድ ሁሉ ኩሬ ሆነ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ አዩዋቸውና "ዘንድሮም ረጠቡ፣ መሪጌታ?" አሉ በሐዘን።

"አልረጠብኩም" አሉ መሪጌታ።

መነኩሴው ከጥምጥማቸው እስከ እግራቸው አዩዋቸው።

"ላብ ነው" አሉ መሪጌታ። "ፀሐዩ ከባድ ነው።"

የታኅሣሥ ማለዳ ነበር፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ቄስ ሐብተ ማርያም ነገር የማያመልጣቸው ሰው ናቸውና "ኧረ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ውኃው እኮ..." ብለው ጀመሩ።

"ላብ ነው አልኩ፣ ሐብተ ማርያም። ሽማግሌ ነህ፤ ለሽማግሌዎቹ እንዲሁ ንገራቸው።"

በአርባ ዓመት መምህርነታቸው አንዲት ፊደል ስትጣመም ተማሪ የሚገርፉ ሰው ናቸው። ውሸት ሲናገሩ የሰማቸው የለም፤ ያውም በገብርኤል ደጅ። መሪጌታ እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጡ ወደ አድማሴ መጡ።

"ብቻዋን እዚያ ተቀምጣ አየኋት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዛሬስ እኔ ነበርኩ። እኔ ካለፍኩ ወዲያ ማን አብሯት ይቀመጣል?"

"እኔ፣ የኔታ።"

"ግራ ላይም ቢሆን?"

"ግራ ላይም ቢሆን።"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ለልጅ እንደሚሰጥ፣ እጁ ላይ ጣሉለት። "እንግዲያው ቁመህ አትየኝ፤ ጭመቅና አስጣልኝ" አሉ። አድማሴ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ እንኳየሁ ሌላውን ያዘች፤ ጠመዘዙት። የወረደው ላብ እንስራ ይሞላ ነበር።